ከሙቴሲ ኋላ

«አንቺ አታዪያቸውም! የሚያዩት እኔን ነው» አለች ናንጎቢ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

አክስቷ ካጎያ አልተቆጣችም። ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስኳር ድንቹን በጣቷ እየዳሰሰች ትልጣለች። ቢላዋዋ ለአፍታም አልቆመም።

«ዓይን ያለው ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?» አለች። «ይይ እንጂ።»

«ቀልዱን ተዪው፣ አክስቴ። ዛሬ ለምርጫው ሰው ሁሉ ከባሊኮዋ ኋላ ነው የሚሰለፈው። ሁሉም! እኔና አንቺ ብቻችንን ከሙቴሲ ኋላ ተገትረን መንደሩ ሊስቅብን ነው?»

«አንቺ ምን አገባሽ? የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«እጅሽን ይዤ የምቆመውስ ማን ነው?»

ቢላዋው ቆመ። ካጎያ ፊቷን ወደ ናንጎቢ አዞረች፤ ማየት ባትችልም ሰው ሲያናግራት ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች።

«ካውዳን ፈርተሽ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ናንጎቢ የተላጠውን ድንች አንስታ ውኃ ውስጥ ጨመረችው። በስተምሥራቅ በኩል የሸንኮራ አገዳ ማሳ እየተቃጠለ ስለነበር ጥቁር ብናኝ ግቢው ላይ ይረግፋል። ልብስ ታጥቦ የሚሰጣበት ቀን አልነበረም።

እውነትም ካውዳን ፈርታለች። ካውዳ የባሊኮዋ ልጅ ናት። ባሊኮዋ በልጅነቱ በፖሊዮ አንድ እግሩ ቀጥኖ ቢቀርም የመንደሩ የበቆሎ ወፍጮ ባለቤት ነው። ሰው ሁሉ እሱ ዘንድ ያስፈጫል፤ ቀብርም ሠርግም ሲሆን እሱ ይጠራል። ካውዳ ግን ለናንጎቢ ከዚህ ሁሉ በላይ ናት። ናንጎቢ ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን ልጆቹ «ምርኩዝ» ይሏት ነበር። «ምርኩዝ መጣች! ዕውሯን የት ጥለሻት ነው?» እያሉ ከኋላዋ ይከተላሉ። አንድ ቀን ካውዳ ከመካከላቸው ገባችና «ከዛሬ ጀምሮ ምርኩዝ ያላት እኔን ነው ያለው» አለች። በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የምሳ ፋንታቸውን ይካፈላሉ። ናንጎቢ ሌላ ጓደኛ የላትም።

ሙቴሲ ደግሞ መንገድ ዳር በፀሐይ ኃይል የሰው ስልክ ቻርጅ የምታደርግ፣ በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ የምትሄድ ወጣት ሴት ናት። ባለፈው ወር ስብሰባ ባትናገር ኖሮ ማንም ምንም አይላትም ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ የወረዳው ሰዎች የመንደሩን አካል ጉዳተኞች ሰብስበው ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቁ። ባሊኮዋ ለየቤቱ ፍየል ይሰጠን አለና ተጨበጨበለት። ቀጥላ ሙቴሲ እጇን አወጣች።

«የጤና ጣቢያው ሽንት ቤት በሩ ጠባብ ነው» አለች። «ጋሪዬ አይገባም። ስለዚህ ወርጄ በእጄ እየዳህኩ ነው የምገባው። ወለሉን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ምሳ እኮ ሊቀርብ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ክብርት ሽንት ቤት» ሆነ። የምክር ቤት ሰው ሁሉ «ክቡር» እና «ክብርት» ስለሚባል፣ እሷም ለምክር ቤት ስለምትወዳደር ቀልዱ ለሰዉ ጣመው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ጋሪዋን እየተከተሉ ይጠሯታል።

ያን ዕለት ያልሳቀችው ካጎያ ብቻ ነበረች። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ «እኔም እኮ በእጄ ነው ቀዳዳውን የምፈልገው» አለች። ናንጎቢ ይህን ታውቃለች። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አክስቷን እስከ በሩ አድርሳ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነው የምትጠብቃት። ካጎያ ስትወጣ እጇን በአፈር እያሸች ትወጣለች። ከዚያ ቀን በፊት ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

«ልብስሽን ቀይሪ» አለች አሁን ካጎያ፣ ቢላዋዋን እየጠረገች። «እንዳንዘገይ።»

ምርጫው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነበር። ሰማዩ ደፍርሶ የአገዳው ጭስ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ከወረዳ የመጣችው ሹም ወይዘሮ ናሙኮሴ የደከማት ሴት ትመስላለች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ድምፅ ማጉያ ስላልነበራት ጮክ ብላ ተናገረች።

«ሕጉ በየምክር ቤቱ ለአካል ጉዳተኞች ወንበር አስቀምጧል። በውለታ የተሰጣችሁ አይደለም፤ የራሳችሁ ነው። ማን እንደሚቀመጥበት እናንተ ትመርጣላችሁ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እናንተ ከምትፈልጉት ሰው ኋላ ትሰለፋላችሁ። ማየት ለማይችል ሰው መሪው የሚፈልገው ቦታ ያደርሰዋል። እሱ የሚፈልገው ቦታ! መሪዎች፣ ሰማችሁኝ?»

ናንጎቢ የራሷን ጫማ አየች።

ባሊኮዋ ምርኩዙን ተደግፎ በስተቀኝ በኩል፣ የማንጎው ጥላ ሥር ቆመ። ሙቴሲ ጋሪዋን እየዘወረች በስተግራ ሄዳ ፊቷን ወደ መማሪያ ክፍሉ ግድግዳ አዞረች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ብናኙ ትከሻዋ ላይ ማረፍ ጀምሯል።

«ናንጎ!» ካውዳ ከአጥሩ ጋ ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «ለአክስትሽ ቦታ ይዤላታለሁ፤ ጥላው ሥር፣ ከአባዬ ኋላ። ማታ ደግሞ እኛ ቤት ነሽ፤ ሁለት ዶሮ ታርዷል። እናቴ ራሷ ጥሪያት ብላኛለች።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ክብርት ሽንት ቤት ብቻዋን ስትቀር አደራ እንዳታስቂኝ፤ እኔ ከጀመርኩ አላቆምም» አለች።

ናንጎቢ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ነበረች፤ ግን ሳቀች።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለች ካጎያ።

«ምንም። ሰላም እያለችሽ ነው።»

ሹሟ እጇን አጨበጨበች። ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። ካጎያ እጇን ናንጎቢ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ደረቅና ሞቃት እጅ ነው። ወደ ሜዳው መሐል ሄዱ። ከባንዲራው ዘንግ በስተግራ የሙቴሲ ጀርባ አለ፤ ከኋላዋ ባዶ ሣር። በስተቀኝ ጥላው፣ ሰዎቹ፣ ካውዳ በጣቷ የምታሳያት ቦታ። ናንጎቢ ውሳኔ የወሰነች አልመሰላትም። እግሯ ወደ ጥላው ታጠፈ፤ እጁም ትከሻዋ ላይ እንዳለ ተከተላት።

«ደረስን?» አለች ካጎያ።

«ደርሰናል።»

«ሙቴሲ ከፊታችን ናት?»

«አዎ።» በሹክሹክታ ነበር የመለሰችው።

ካጎያ ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠች። ከፊቷ ሰው ያስላል፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው እግሩን ይጎትታል። መናገር የማይችል ልጇን አዝላ የመጣች ጎረቤት ከኋላቸው ቆመችና «ካጎያ፣ አንቺም መጣሽ?» አለቻት።

«መጣሁ እንጂ! አንቺም?»

«ታዲያ ሌላ የት እሄዳለሁ?»

የካጎያ ፊት ቀስ በቀስ ፈካ። ወደ ናንጎቢ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ይህ ሁሉ ሰው?» አለች። «እኔ እኮ ብቻችንን እንቀራለን ብዬ ነበር። አየሽ? ለካ ሁሉም ሰምቷታል። የሳቁት አፍረው ነው እንጂ ሰምተዋታል።» ትከሻዋን ጫን አደረገቻት። «አንቺ ደግሞ በከንቱ ጮኽሽብኝ።»

አሁንም ጊዜ ነበር። ሜዳውን አቋርጦ መሄድ ብቻ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ሰልፉ ቆሟል፣ ሰዎቹ ዝም ብለዋል፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ይታያል።

ሹሟ ቆጠራውን በግራ በኩል ጀመረች። ከሙቴሲ ኋላ ሄዳ ቆመች። አንድ ሰው ከመሬት ውስጥ ይወጣ ይመስል ሣሩን አየች።

«ከሙቴሲ ኋላ» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከሙቴሲ ኋላ ማንም የለም።»

አጥሩ ጋ ካሉት አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። የሙቴሲ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም። እጆቿ ግን ከጋሪው መዘውር ላይ ወርደው ጭኗ ላይ አረፉ።

ናንጎቢ ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ የሚነሣ መስሏት ጠበቀች። አልተነሣም። አልጨመቃትምም። እዚያው ቀረ፤ የሰው እጅ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ከበደ።

ሹሟ ወደ ቀኝ ሰልፍ መጥታ የእያንዳንዱን ሰው ራስ እየነካች ቆጠረች። የካጎያንም ነካች። ጨርሳ ወደ መሐል ተመለሰች።

«ውጤቱን ከመናገሬ በፊት» አለች፣ «ባልፈለገበት ቦታ የተሰለፈ ሰው አለ? ካለ አሁን ይናገር። መብቱ ነው።»

ካጎያ አየር ስትስብ ናንጎቢ ሰማቻት። ለመናገር የሚስብ ሰው አሳሳብ ነበር። ቀጥሎ አየሩ ያለ ቃል ወጣ።

ለምን ዝም እንዳለች ናንጎቢ ወዲያው ገባት። «ልጄ አታለለችኝ» ብትል ሜዳው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ናንጎቢን ነው። አክስቷ ድምፅዋን የዋጠችው ለእሷ ነበር። አሁን መናገር የሚችል የቀረ ሰው አንድ ብቻ ነው። ናንጎቢ ቃሉ ምላሷ ላይ ተሰማት። ቀና ስትል ካውዳ ከአጥሩ ላይ ሆና ጠቀሰቻት።

«የለም?» አለች ሹሟ። «እንግዲያው ምርጫው ተጠናቋል። የመንደሩ ተወካይ አቶ ባሊኮዋ ናቸው።»

እልልታው ቀለጠ። ሣጥን ሙሉ ለስላሳ መጣ። ባሊኮዋ እያነከሰ የመረጠውን ሰው ሁሉ እየዞረ ጨበጠ፤ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ካጎያ ዘንድ ሲደርስ ሁለት እጇን ያዘ።

«ካጎያ፣ ይህን አልረሳልሽም።»

«እኔን አታመስግነኝ» አለች ካጎያ። «ያመጣችኝ እሷ ናት።»

ባሊኮዋ ሳቀና የናንጎቢን ራስ ዳበሰ። «ጎበዝ ልጅ! ጎበዝ!»

ናንጎቢ አክስቷን ከክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ወደ ሹሟ ሄደች። ወይዘሮ ናሙኮሴ ጭቃውን በእንጨት ከጫማዋ እየፋቀች ነበር።

«እመቤቴ፣ አሁን መለወጥ ይቻላል?»

«ምኑን?»

«አንድ ሰው... አንድ ሰው ባልፈለገበት ቦታ ቆሞ ከነበረ።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። «ጠይቄ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለች። «ጮክ ብዬ ነው የጠየቅሁት።» ከዚያ እንጨቱን ጣለችና ሞተር ብስክሌቷን ልታስነሣ ሄደች።

ናንጎቢ ስትመለስ ካጎያ ካስቀመጠቻት ቦታ አልተነቃነቀችም። ያልተከፈተ ጠርሙስ ሰጥተዋታል። ናንጎቢ ጎኗ ተቀመጠች።

«አክስቴ...»

«ሙቴሲ ሄደች?»

ናንጎቢ መንገዱን አየች። «እየሄደች ነው። የአገዳው መታጠፊያ ጋ ደርሳለች።»

«ፊቷን አዙራ ነበር አይደል የቆየችው?»

«አዎ።»

«ስለዚህ ማንም እንደሌላት ነው የምታውቀው።»

ናንጎቢ «ይቅርታ» ልትል ነበር፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ሲሆን ቀላል መሰላት፤ ተወችው። ካጎያም የጠበቀች አትመስልም። ፊቷን ጫጫታው ወዳለበት አዙራ ጠርሙሱን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች።

ሙቴሲ ግን አንድ ሰው ነበራት፤ ካጎያ። ይህን ለሙቴሲ መንገር የሚቻለው የቀረውንም አብሮ በመንገር ነው፤ ማን መርቶ የት እንዳቆማት። ሙቴሲ ስልክ ለሚያመጣ ሰው ሁሉ ልታወራው ትችላለች፤ ካውዳም ሳትሰማ አታድርም። ሙቴሲ ዝም ብላ ጋሪዋን ዘውራ ልትሄድም ትችላለች። ናንጎቢ ይህን ሁሉ እያሰበች ተነሣች።

«ናንጎ! ነይ እንጂ!» ካውዳ ከሰው መሐል እጇን አውለበለበች፤ ወዲያው ግን አንዱ ወደ ጭፈራው ጎተታትና ዞረች። ከበሮው ተጀመረ። ሴቶቹ ወገባቸውን አሰሩ።

ናንጎቢ ከክፍሉ ጀርባ ዞራ በአጥሩ ክፍተት ወደ አገዳው መታጠፊያ ወጣች። ወዴት ነሽ ያላት ሰው አልነበረም።