ላስቲኳ ያልተፈታላት ብስክሌት

ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከአስፋልቱ ሁለት እጥፋት ገባ ብሎ የእምሩ ቤት አለ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ነው የምለው ባለቤቱ እንዲያ ስለሚል ነው። ገብታችሁ ሶፋው ላይ ስትቀመጡ ግን ከሥራችሁ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል። ሶፋው ከተገዛ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሣም። በበጋ ላብ ከላስቲኩ ጋር ያጣብቃችኋል፤ ስትነሡ ቆዳችሁ እንደ ፕላስተር ይላጣል። ሪሞቱ በላስቲክ፣ የምግብ ጠረጴዛው በላስቲክ። ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች የፋብሪካ ወረቀታቸው ገና እንደተለጠፈ ነው፤ ቤተሰቡ ውኃ የሚጠጣው ጆሮው በተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ይህ ሁሉ ለማን ይቀመጣል ብትሉት "ለእንግዳ ነዋ!" ይላችኋል። እንግዳው ሲመጣም ላስቲኩ አይነሣም። እንዲህ ያለውን ቤት ሳይ ያንገሸግሸኛል፤ የሚያሳፍረው ደግሞ የብዙዎቻችን ቤት እንዲህ መሆኑ ነው።

እምሩ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ቆሻሻ አይወድም። የታክሲ በር በሶፍት ይዞ የሚከፍት፣ ሰው ከጨበጠ በኋላ እጁን ኪሱ ውስጥ በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። የፒያሳ መንገዶች ታድሰው የብስክሌት መስመር ሲሠራላቸው ግን ልቡ እንደ ልጅ ዘለለ። ወጣት ሳለ ብስክሌት ይነዳ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ብስክሌት ከሚሸጠው ከኑሪ ሱቅ አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ሃይብሪድ ገዛ፤ ጎማዋ እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ያልቀጠነ፣ እንደ ተራራ ብስክሌት ያልወፈረ፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የምትችል።

የመጀመሪያው እሑድ አምስት ኪሎ ደርሶ ተመለሰ። ሲሄድ እየሣቀ ነበር። ሲመለስ አንዱ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የለቀቀው ሽንት መስመሩን አቋርጦ ይወርዳል፤ እምሩ ሳያየው ገባበት። ወዲያው አጠገቡ የሚያልፍ ታክሲ ውስጥ ያለ ተሳፋሪ አንገቱን በመስኮት አወጣና አክታውን እንትፍ አለ። ፊተኛው ጎማ ላይ ተለጠፈ። እምሩን ቀፈፈው፤ እዚያው ወርዶ ብስክሌቷን በሁለት ጣቱ ይዞ እየገፋ ቤቱ ገባ። በሳሙና አጠባት፤ በበረኪና ደገማት። ሳትደርቅ በወፍራም ላስቲክ ጠቀለላት፤ ጫፍ ጫፉን በፕላስተር አሸጋትና ከሶፋው ጀርባ አቆማት።

እንግዲህ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗል። ብስክሌቷ ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀችም። እንግዳ ሲመጣ እምሩ ላስቲኩን ቸብ ቸብ ያደርግና "ሃይብሪድ ናት" ይላል። እንግዳውም "ታምራለች" ይላል፤ ምኗን አይቶ እንደሆነ እንጃ።

በዚህ መካከል ኑሪ አዲስ ዕቃ አስገባ። ከዕቃው መሐል የእምሩን የምትመስል አንዲት ብስክሌት ነበረች፤ ያው ሥሪት፣ ያው ቁመት፣ ልዩነቷ ቀለሟ ብቻ፤ ግራጫ። እምሩ ከሥራ ሲወጣ ሦስት ቀን ተከታትሎ ቆሞ አያት። ልግዛ ወይስ ልተው? ሐሳቡ ለራሱ በጣም ብልህ መስሎ ታየው፤ አረንጓዴዋ ሳትነካ ትቀመጣለች፣ ግራጫዋ ደግሞ የመንገዱን ቆሻሻ ትሸከማለች። ኑሪንም አማከረው። ኑሪ ረጋ ያለ ነጋዴ ነው፤ "የመጀመሪያይቱን ያምጡልኝና ምኗ እንዳስቸገረዎት ልይ፣ ጋሼ። ከዚያ መግዛቱ ይሻል እንደሆነ እነግርዎታለሁ" አለው።

ዓርብ ማታ እራት ላይ ነገሩን ለቤተሰቡ አወጣው።

ባለቤቱ ሰርክአዲስ ጉርሻዋን አቆመች። "አንዷን መቼ ነድተሃት ነው ሁለተኛ የምትገዛው?"

"እንዳትበላሽ ነዋ! ሁለት ሲሆኑ አንዷ ትቆጠባለች።"

"መጀመሪያ ከዚያ ሶፋ ጀርባ የሚሸተውን ነገር ብታይልኝ ይሻላል። ወራት ሆነው እኮ!"

"የጎረቤት ቦይ ነው ብዬሻለሁ" አለ እምሩ። ቢሆንም ሽታው ሲመጣበት የሚነፋው መዓዛ ያለው ፍሊት ከሪሞቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ልጃቸው ሊያም ገበታው ላይ ነበረች። ሊያ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መገናኛ አካባቢ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ የሚባሉ ሴት ኬክ ቤት አላቸው፤ እዚያ በሙከራ ተቀጥራ ኬክ ትሠራለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ የቀረው አንድ ሳምንት ነው፤ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች። ችግሯ ጠዋት ነው። ሥራ የሚገባው አንድ ሰዓት ሲሆን፣ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ግን ጊዮርጊስን ዞሮ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ አርፍዳለች። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ደግ ሴት ናቸው፤ ሆኖም ኬክ ጠዋት ካልወጣ ደንበኛ የለም፤ "ሦስተኛ ካረፈድሽ እኔም አዝናለሁ፣ ግን ሌላ ሰው እይዛለሁ" ብለዋታል።

"አባዬ" አለች ሊያ፣ "አረንጓዴዋን ለአንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ። በእሷ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ጠንቅቄ እነዳለሁ።"

"ጭቃ ነው እኮ ልጄ! በዚህ ዝናብ?"

"አጥቤ እመልሳታለሁ።"

"አንዴ ከቆሸሸች ቆሸሸች ነው። ግራጫዋን እስክገዛ ጠብቂ።"

የሊያ ፊት ፈካ። "እሺ፤ ነገ ከገዛህ ከሰኞ ጀምሮ በግራጫዋ እሄዳለሁ ማለት ነው?"

እምሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቅር አለው። "እሷም እኮ አዲስ ናት፣ ሊያ።"

ሰርክአዲስ ሣቀች፤ ሣቋ ግን ደስ የሚል አልነበረም። "እንግዲያው ግራጫዋም እንዳትቆሽሽ ሦስተኛ ትገዛለሃ!"

በማግሥቱ ቅዳሜ ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። ሊያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣች። በዚያ ላይ ለመንግሥት እንግዶች ተብሎ አንድ ዋና መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ታክሲዎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ብስክሌት ግን ያልፍ ነበር። ሰልፉ ላይ ቆማ፣ ጫማዋ ውኃ ሞልቶ፣ ሦስት ብስክሌት በፊቷ ሲያልፍ አየች።

አራት ሰዓት ላይ ተመለሰች። እምሩ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ወደ ኑሪ ሱቅ ለመሄድ ጫማውን እየወለወለ። ሊያ የሥራ ሽርጧን አጣጥፋ በእጇ ይዛለች። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ከልብሷ የሚንጠፈጠፈው ውኃ በላስቲኩ ላይ እየተንኳለለ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"ምነው?" አለ እምሩ።

"አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደረስኩ። ሌላ ልጅ ገብታለች።"

የእምሩ ዓይን፣ እግዜር ይይለትና፣ መጀመሪያ የሄደው ወለሉ ላይ ወዳለው ውኃ ነበር። "ምን ላድርግ? ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት" አለ።

ሰርክአዲስ ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። አልጮኸችም። "እምሩ" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር ተናድጄብህ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ተጸየፍኩህ።"

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈበት። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲጸየፍ ኖሮ፣ አንድ ቀን እሱን የሚጸየፈው ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። እንደ ልማዱ ወደ ዕቃው ዞረ። ብስክሌቷን ከነላስቲኳ ከሶፋው ጀርባ ጎትቶ አወጣት፤ ጎማዋ ጭቃ እንዳይነካ ትከሻው ላይ ተሸከማትና ወጣ።

እስቲ አስቡት። ለብስክሌት ተብሎ በተሠራ መስመር ላይ፣ ካፊያ እየወረደበት፣ አንድ ትልቅ ሰው ብስክሌት ተሸክሞ ይወርዳል። ድልድዩ አጠገብ ተጠልለው የቆሙ የአራዳ ልጆች አዩት።

"ፋዘር! ዛሬ የመጋለብ ተረኛዋ እሷ ናት እንዴ?" አለ አንዱ። ሣቁ እስከ ኑሪ በር ተከተለው።

ኑሪ ብስክሌቷን ተቀብሎ ከሱቁ ደጃፍ ከሸራው ሥር አቆማት። ላስቲኩን ዳሰሰ። "ጋሼ እምሩ፣ ይቺ እኔ የሸጥኩልዎት ናት? መቼ ነው የፈቷት?"

"አልፈታኋትም። ንጹሕ ናት።"

ኑሪ መቀስ አምጥቶ ከላይ ወደ ታች ቀደደው።

ሽታው መጀመሪያ ወጣ። ኑሪ "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ አፍንጫውን በክንዱ ከለለ። ከኮርቻዋ ሥር፣ ላስቲኩ ከግድግዳው በኩል ከተበላበት፣ አይጥ ገብታ ጎጆ ሠርታለች። የኮርቻው ስፖንጅ ተፍቆ ተፈልፍሎ ፍራሽ ሆኗል። ፍራሹ ውስጥ ሁለት የደረቁ ግልገሎች አሉ፤ ሦስተኛው ገና አልደረቀም። ጥቁር ኩሱ እንደ ፈሰሰ ሰሊጥ ላስቲኩ እጥፋት ውስጥ ሞልቷል። ሽንቱ ሰንሰለቱ ላይ ወርዶ፣ ታጥባ ሳትደርቅ ከተጠቀለለችበት ውኃ ጋር ተዳምሮ፣ ብረቱን ቀይ ልጥልጥ ዝገት አድርጎታል። ጎማዎቹ በቆሙበት ረግበው ተሰነጣጥቀዋል።

እምሩ ወደ ቱቦው ሮጦ ቁርሱን መለሰው።

አፉን በመሐረቡ ሲጠርግ አንድ ነገር ገባው። ይህ ነገር ከራት ገበታው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ለአንድ እንትፍታ ብሎ የሸሸው ሰው፣ ከዚህ ጋር በልቷል፣ ተኝቷል፤ እንግዳ ጠርቶ ቸብ ቸብ እያደረገ አሳይቷል። ልጁ በዝናብ ውስጥ ቆማ ሥራዋን ያጣችው ለዚህ ነው። አይጥ እንድትወልድበት።

"ግራጫዋን..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"ግራጫይቱን አልሸጥልዎትም" አለ ኑሪ። "ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ጋሼ። እኔ ሸጬ አዳሪ ነኝ፤ ደንበኛ መመለስ አልወድም። ግን ወላሂ፣ ብስክሌት ከቻይና ድረስ የማስመጣው ሰው እንዲሄድባት ነው። እርስዎ ቤት ብትገባ ከእህቷ ጎን ነው የምትቀበረው።"

"ይቺስ? ትድናለች?"

"ብረቷ ደኅና ነው። ጎማና የውስጥ ከመነዳሪ፣ ሰንሰለት፣ ኮርቻ ትቀይራለች። መጀመሪያ ግን ያንን የሚያወጣ ይፈለጋል" አለና ወደ ጎጆው በአገጩ አመለከተ።

እምሩ ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ጓንት ስጠኝ አላለም። እጁን አስገብቶ አወጣው፤ ፍራሹን፣ ግልገሎቹን፣ ሁሉንም። እየሰቀጠጠው፣ ፊቱን እያዞረ፣ ግን አወጣው። ከዚያ ተንበርክኮ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ጀመረ። ኑሪ ጎማውን፣ ሰንሰለቱንና ኮርቻውን ሲገጥም እሱ ሲፈትግ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ዳገቱን እየነዳ ወጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆነ፤ እነዚያ ልጆች እንደገና ጮኹለት፤ አልዞረም። ግቢው ሲደርስ ሊያ በረንዳው ላይ ጫማዋን ልታደርቅ ጋዜጣ እየጠቀጠቀችበት ነበር።

"ያንቺ ናት" አላት። "ለሳምንት አይደለም። ላንቺ ናት።"

ሊያ ብስክሌቷን አየቻት፤ ከዚያ ሱሪውን፤ ከዚያ እጁን። አልተቆጣችም፤ ቢሆንለት ቁጣዋን በመረጠ ነበር። "እኔ እኮ ጠዋት ነበር የፈለግኳት፣ አባዬ" አለችና ጋዜጣዋን መጠቅጠቅ ቀጠለች።

እምሩ በጭቃ ጫማው ሳሎን ገባ። ሶፋውን ከአንድ ጥግ ያዘና ላስቲኩን እየቀደደ አወጣው። ሥሩ ሰማያዊ ነበር፤ ሰርክአዲስ ሰማያዊ መሆኑን ረስታዋለች። ቡፌውን ከፍቶ አንድ ብርጭቆ አነሣ፤ ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠው፤ ውኃ ቀድቶ ለልጁ ወሰደላት።

ወገኖቼ፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ሌላ፣ ከገዛ ልጅ መደበቅ ሌላ። ዕቃ የሚያልቀው በመሥራት ብቻ አይደለም፤ በመቀመጥም ያልቃል፤ በመቀመጥ ሲያልቅ ደግሞ ይሸታል። አንዱን ሳትጠቀሙበት ሁለተኛውን ልትገዙ ስታስቡ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ላስቲክ ቅደዱና እዩ። ቤታችሁ ውስጥም ምንጩን ያላወቃችሁት ሽታ ካለ፣ በጎረቤት ቦይ አታሳብቡ።

ሊያ የመገናኛውን ሥራ አላገኘችውም። ያ ሥራ ሄዷል። ሁለት ወር ሙሉ ኬኳን በካርቶን አድርጋ፣ ከብስክሌቷ ኋላ አስራ፣ ከአንዱ ኬክ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ከረመች። በመጨረሻ አራት ኪሎን አልፎ ያለ አንድ ቤት ቀጠራት። አባቷ ማታ ማታ ጭቃውን ይጠርጋል፤ አረንጓዴው ቀለም ግን በብዙ ቦታ ተጭሯል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ባልደረባው ሊጠይቀው መጣ። በሰማያዊው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ግድግዳው ባዶ ነው።

"እምሩ፣ ያቺ ሃይብሪድ የታለች? ሸጥካት እንዴ?"

"የለችም" አለ እምሩ። "ሥራ ገብታለች።"