የአጥንት ጨውና የኤልማር ምንጭ

ንጉሥ አዝሚር በነገሡ በሰባተኛው ዓመት የኤልማር ወንዝ ውሃ በድንገት ጣፈጠ። የዝራም ሕዝብ ከሰማይ የወረደ በረከት መስሎት እልል አለ። ዓመት ሳይሞላ ግን ከብቱ በየሜዳው ተዘረረ፤ ሕፃናት ሆዳቸውን እንደ ያዙ አሸለቡ፤ የጦረኞቹም እጅ ከአንጓው እየተልፈሰፈሰ ጋሻ ማንሳት ተሳነው።

የእልፍኝ ዘበኞች አለቃ የነበረችው ወጣቷ ሲራኔ የመቅሠፍቱን ምንጭ ፍለጋ ወንዙን ሽቅብ ተከተለች። አብሯት የሄደው በቅሎ ነጂው ጎርባት ብቻ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከወንዙ መፍለቂያ ደረሱ፤ በዚያም ሙርጋድ የተባለውን የእርሳስ ዘንዶ ውሃው ውስጥ ተጠምጥሞ ተኝቶ አገኙት። ግራጫ ቅርፊቱ እንደ ጨው እየሟሟ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሲራኔ ሰይፏ እስኪሰበር መታችው፤ ዘንዶው ከእንቅልፉ እንኳ አልነቃም።

በአቅራቢያው ዋሻ ዝናብ ብቻ እየጠጡ የሚኖሩ አባ ዘሚካ የሚባሉ ባሕታዊ ነበሩ። በውሃ የሟሟ እርሳስ ለዓይን እንደማይታይ፥ ቢያጠልሉትም ቢያፈሉትም እንደማይለቅ ነገሯት።

«ልጄ፥ እርሳስ አጥንት ይወዳል» አሏት። «በአጥንት ውስጥ ያለው ጨውና እርሳሱ በውሃ ሲገናኙ ይጣበቁና ድንጋይ ሆነው ይሰጥማሉ፤ ያን ድንጋይ ውሃ መልሶ አያሟሟውም። የእናንተን አጥንት ሳይጨርስ ሌላ አጥንት ስጡት። ብቻ ይህን ውሃ ያልቀመሰ ይሁን፤ እርሳስ የጠገበ አጥንት ሌላ አይዝም።»

በዝራም ያልቀመሰ ከብት አልነበረም። ንጹሕ አጥንት የቀረው ውሃው ከመጣፈጡ በፊት በሞቱት መቃብር ብቻ ነው።

ሲራኔ ተመልሳ ይህን በአደባባይ ስትናገር ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እሷ ግን በንጉሡ ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ግርማዊ ሆይ፥ የሙታንን ዕረፍት የማውከው እኔ ነኝ። ኀጢአቱ በእኔና በዘሬ ላይ ይሁን። ምንጩን ሳላጠራ ብመለስ የአባቶቼ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

ዘር ግን አልነበራትም። አንዲት ልጇ ሊባን ውሃው ከመጣፈጡ በፊት በኩፍኝ ሞታባታለች።

ንጉሡ እያለቀሱ ፈቀዱ። የእነዚህ ሙታን መቃብር ሁሉ፥ የነገሥታቱም ሳይቀር፥ ተከፍቶ በአርባ በቅሎ ተጫነ። ሲራኔ የልጇን መቃብር መጨረሻ ላይ በገዛ እጇ ከፈተች። ባዶ በቀረ ሜዳ ብቻዋን ልትተዋት አልቻለችም፤ ልትሰጣትም አላሰበችም። በነጠላ ጠቅልላ ከኮርቻዋ ጋር አሰረቻት።

ከምንጩ ዳር ሲራኔና ጎርባት አጥንቱን አቃጠሉ፥ ወቀጡ፥ ወደ ውሃው በተኑ። ዱቄቱ ባረፈበት ሁሉ የዘንዶው ቅርፊት ነጣ፥ ደነደነም። በዘጠነኛው ቀን ከጉሮሮው ሥር ካለች የመዳፍ ስፋት ያላት ስንጥቅ በቀር ሁለመናው ድንጋይ ሆነ። በዚያች ስንጥቅ ግን እርሳሱ መንጠባጠቡን አላቆመም። ዘንዶውም አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ጅራቱ ያለበት ድንጋይ መሰነጣጠቅ ጀመረ።

ጆንያዎቹ ባዶ ነበሩ። እጆቹ የከዱት ጎርባት ኮርቻውን አየና ቶሎ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሲራኔ ነጠላውን ፈታች። ያቃጠለችውም የወቀጠችውም ራሷ ናት። ሊባን ሁለት እፍኝ እንኳ አልሞላችም። ወደ ውሃው ወርዳ በስንጥቁ ላይ አፈሰሰቻት፥ በመዳፏም ደፍና ያዘች። ከመዳፏ ሥር እየጠነከረ ሄደ። ዘንዶው ዓይኑን እንደ ገለጠ ደርቆ ቀረ።

ወንዙ ጠራ። እርሳሱ ቀድሞ አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸው ግን አልዳኑም፤ ጎርባትም ክረምቱን ሳያይ ሞተ። ሲራኔ ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰችም፤ ከምንጩ ዳር ጎጆ ቀለሰች።

የሙታን መታሰቢያ ዕለት ሲደርስ የዝራም ሴቶች የሚያለቅሱበት መቃብር አጡ። ተራራውን ወጥተው ከምንጩ ዳር ቆሙ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ከውሃው ሥር የተዘረጋውን ነጭ ድንጋይ እያዩ ባላቸው በየት በኩል እንደ ሆኑ ሲራኔን ጠየቋት።

ሲራኔ ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች።

«እኔም የእኔዋን ለይቼ አላውቃትም፥ እናቴ» አለቻቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡ።