ቤት ያልገባው አርባ ዘጠኝ

"ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በሉ... በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ግን ሆኗል። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛችን ላይ አርፋ ሳለ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ልጆች ሳለን፣ ሰው ካርታ ሲጫወት እኛ ቁጥር "ቤት እናስገባ" ነበር። አስርን እንያዝ። ሁለት ጊዜ አምስት ነው። ሁለትና አምስትን ጎን ለጎን ስታቆሟቸው ሃያ አምስት ይሆናል። እሱም አምስት ጊዜ አምስት... ሃምሳ አምስት። እንዲህ ከዚያ ወዲያ ወደማይካፈሉ ቁጥሮች እየበተናችሁ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ እየደረደራችሁ፣ "ከእንግዲህ አልበተንም" የሚል ቁጥር እስኪመጣ ትሄዳላችሁ። አስር ሰባት መቶ ሰባ ሦስት ላይ ያርፋል። ያኔ "ቤት ገባሁ" ይባላል።

ቁጥሩ ቤት ሳይገባ ከጠረጴዛ መነሳት ክልክል ነው።

አርባ ዘጠኝን ግን አባዬ አይሰጠንም ነበር። ቤት ይግባ አይግባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም ብሎ ይረዝማል።

ታላቅ እህቴ ደግሞ ግትር ነበረች። አንድ ቀን ራሷ መረጠችው።

ሰባ ሰባት... ሰባት መቶ አስራ አንድ... ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ...

ሰለቻት። "መጣሁ" ብላ ተነስታ ወጣች።

አልተመለሰችም። ፖሊስ ፈለገ፣ ጎረቤት ፈለገ፣ እኛም ፈለግን። እንደ ጨው ሟሙታ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ቁጥሯን ይዞ ተቀመጠ። ቁጥሩ ቤት ከገባ እሷም ትገባለች ብሎ ያምናል። እኔ በዚህ ዓለም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እሱንም እንዳላጣው ፈርቼ ዝም እለዋለሁ።

ያን ቅዳሜ ምሳ ይዤለት ገባሁ።

"ቀስ በል" አለኝ በሹክሹክታ። "እየመለሰችልኝ ነው።"

"ማን?"

በጣቱ የኮሪደሩን በር አሳየኝ። በሩ ዝግ ነው።

ከአርባ ዘጠኝ ጀምሮ እዚህ ደርሶ ነበር። "ሦስት መቶ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ" አለ።

ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ።

"አስራ ሰባት... ሠላሳ አንድ... ስድስት መቶ ሃምሳ ሦስት።"

ከበሩ ጀርባ ነው የመጣው። የእህቴ ድምፅ። ያኔ እንደነበረው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያረጅ።

ሳህኑን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

አባዬ ይጠይቃል። ትመልሳለች። ቁጥሩ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄደ... አንድ ነገር አስተዋልኩ።

ትንፋሽ አትወስድም።

ቀጥሎ ደግሞ እሱ ጠይቆ ሳይጨርስ ትመልስ ጀመር።

ከዚያ... አፉን ሳይከፍት።

"አባዬ፣ ተነስ እንውጣ።"

"ዝም በል። ልትደርስ ነው።"

ድምፁ አሁን ረጅሙን ቁጥር አሃዝ በአሃዝ ይጠራል። ማለቂያ የለውም ብዬ ነበር። "...ሁለት... ዘጠኝ... አምስት።"

ቆመች።

"አይበተንም አባዬ። ቤት ገባሁ። ክፈትልኝ።"

አባዬ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

አምስት? ያን ያህል ረጅም ሆኖ በአምስት የሚያልቅ ቁጥር ለአምስት ይካፈላል። ፊደል ሳልጨርስ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። እህቴም ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

ክንዱን ያዝኩት። "መጨረሻው አምስት ነው። ይበተናል። ቤት አልገባም አባዬ... እሷ አይደለችም።"

ዞሮ አየኝ። ገብቶታል።

"አውቃለሁ ልጄ" አለኝ። "ግን ደክሞኛል።"

እጄን በቀስታ አስለቀቀና በሩን ከፈተ።

በሩ ስለጋረደኝ የመጣውን አላየሁም። ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ፊቱ በራ።

"መጣሽ?" አላት።

ፀጉሯን ሊደባብስ እጁን ዘረጋ። እህቴ ስትሄድ ቁመቷ እስከ ደረቱ ነበር። አባዬ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ላይ፣ ከበሩ ጉበን በላይ ዘርግቶ ነበር...

ከዚያ እጁ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ጎንበስ እያለችለት ነበር።