የዘጠኝ ሰዓት ችሎት

«ባዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ችሎቱ ይሰየም።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከኢንስፔክተር እቴነሽ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው ትናንት የተቀበረ ነው። ጎርነን፣ ረጋ ያለ፣ ማዘዝ የለመደ የሽማግሌ ድምፅ። እቴነሽ ብዕሯ ከእጇ ወደቀ። እሑድም በዚችው ሰዓት የሰማችው መስሏት ነበር፤ ያን ጊዜ ቢሮው በሰው ጫጫታ ተሞልቶ ስለነበር ጆሮዬ ነው ብላ አለፈችው። ሙት ሲጣራ መስማት አሥራ ስድስት ዓመት ፖሊስ ለሆነ ሰውም ቀልድ አይደለም።

ሟቹ አያ ባዬ ናቸው፤ አይከል ላይ ሃያ ዓመት ዳኛ የነበሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ጎንደር ከቀሐ ወንዝ አጠገብ ቤት ይዘው የተቀመጡ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኛቸው እናኑ ከገበያ ስትመለስ፣ ከውጭው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተው አገኘቻቸው። ሐኪሙ ማጅራታቸው እንደተመታና በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ምልክት እንዳለ ጻፈ። ሰው ጨብጦ ገፍቷቸዋል ማለት ነው። የሞቱበትንም ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው አደረገው።

የጠቡ መነሻ ስልክ ነው፤ ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ወንድ ልጃቸው አንዱዓለም ፒያሳ ላይ ስልክ ይሸጣል፤ ከአንድሮይድ ሌላ በሱቁ አያስገባም። ሴት ልጃቸው ሄለን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ባሏ እስጢፋኖስ ቱሪስት ያስጎበኛል፤ እነሱ ቤት ደግሞ ከአይፎን በቀር ስልክ የሚባል ነገር የለም። የአባታቸው ዓይን ሲደክምና አሮጌው ስልክ አልታይ ሲላቸው ሁለቱም ወገን አዲስ ገዝቶ መጣ። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ስልክ መሆኑ ቀረና ከልጆቹ ማን ይበልጣል ሆነ። አያ ባዬ ዳኛ አይደሉ? «አንድ ሳምንት ሁለቱንም መርምሬ እፈርዳለሁ» ብለው ሁለቱንም ተቀበሉ።

ዓርብ ረፋድ ላይ አንዱዓለም ፒያሳ ካፌ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባዬ፣ አይፎኑን ከመረጡ ልጅዎ አይደለሁም» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከአባቱ ቤት ሲወጣ ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ለተ ማርያም አዩት። ሌላ ሰው አላዩም። እቴነሽም እሑድ ከመቃብሩ አፋፍ ላይ በካቴና አሰረችው።

«አንድ እፍኝ አፈር ብቻ ላልብሳቸው» ብሎ ለመናት። አልፈቀደችለትም። ያ ልመናው ከዚያ ወዲህ አልተዋትም፤ እህል ስትቀምስም ይመጣባታል። ነገ ከሰዓት በኋላ አባቱን ገደለ ተብሎ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

መሳቢያውን ሳበችው። ጥጉ የተሰነጠቀው አንድሮይድ ከሟቹ ኮት ኪስ የተገኘ ነው። ድምፁ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲጮኽ የተሞላ የስልኩ መቀስቀሻ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸውን በራሳቸው ድምፅ ይጠሩ ኖሯል። ድምፅ መቅጃውን ስትከፍት ሦስት ቅጂ አገኘች፤ የሰኞ፣ የረቡዕና የዓርብ፣ ሁሉም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀዱ።

«ዛሬ ሰኞ ነው። አንድሮይድ ቀርቧል» አሉ ሙቱ። «ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ሸጋ ነው። ሦስት ጊዜ ሳላስበው ሄለን ላይ ደውያለሁ፤ ጥፋቱ የጣቴ ስለሆነ በስልኩ ላይ አይቆጠርም።»

እቴነሽ ሳታስበው ሳቀችና ወዲያው አፈረች። የዓርቡን ከፈተች።

«ልጄ ዛሬ በሰው ፊት አዋረደኝ። ይሁን። ይህ ችሎት በቁጣ አይፈርድም። ነገ እንደተለመደው የአይፎኑ ተራ ነው፤ እሱን ሰምቼ እፈርዳለሁ።»

ስልኩን ኪሷ ከታ በባጃጅ ወደ ቀሐ ወረደች።

ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። እናኑ ጓዳ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ዓይኗ ያበጠው ግን ከሽንኩርቱ አይደለም።

«እናኑ፣ አያ ባዬ ሌላ ስልክ ነበራቸው። የት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ እትዬ? ከማኅደሩ ውስጥ ነበር።»

ከሟቹ አልጋ በላይ የዳዊት ማኅደር ተሰቅሏል፤ መጽሐፉ የሚከተትበት፣ በጠፍር የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢት። እቴነሽ እጇን ከታ ዳበሰችው። ባዶ ነው። ዳዊቱ ራሱ ያለ ልብስ ራስጌ ተቀምጧል።

«ምነው ስልክ በዳዊት ማኅደር?»

እናኑ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መንፈስ አለበት ይሉ ነበር። ያላነሱት ሥዕል እየገባበት። አንዴ የሄለን የሠርግ ሥዕል፣ አንዴ ፈረንጆች። ሐሙስ ደግሞ የብራና መጽሐፍ ገባ። እሱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ‹ይህን ገጽ አውቀዋለሁ› ብቻ አሉኝ። ጠበል ረጩበትና ማኅደሩ ውስጥ ከተው ሰቀሉት። ለችሎታቸው ጊዜ ብቻ ያወጡታል። ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሱም።»

«ይህን ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝና?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አልጠየቃትም። እቴነሽ በራሷ ተናዳ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

እስጢፋኖስ ነጠላውን ዘቅዝቆ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። ትሑት፣ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲጠሩት ፈጥኖ ተነሣ።

«አይፎኑ እኔ ዘንድ ነው» አላት ሳያንገራግር። «ረቡዕ ዕለት መለሱልኝ። ‹የልጄን መርጫለሁ፣ ቅር አይበልህ› አሉኝ።»

«ኪሳቸው ከተገኘው ስልክ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደውለውልዎታል።»

«ያንኑ ለመድገም ነው። ቅሬታ የሚገባኝ መስሏቸው።»

«ከዚያ በኋላ የት ዋሉ?»

«ቢሮ፣ ብቻዬን።» ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ አንዱዓለምን አደራ። ልጅነት ነው፤ ቁጣ ይቀድመዋል።»

ሄለን ከበሩ አጠገብ ብቻዋን ነበረች። ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፎቶ ከፎቶ እያሳለፈች የአባቷን ትፈልጋለች። እቴነሽ አጠገቧ ስትቀመጥ አዲስ ፎቶ በራሱ ብቅ አለ፤ ድንኳኑና ለቀስተኛው።

«ይህን እርስዎ አላነሡትም» አለች እቴነሽ።

«እስጢፋኖስ ነው፤ ጠዋት ያነሣው ይሆናል። የቤታችንን ስልክ ሁሉ እሱ ነው በአንድ ኢሜይል የከፈተው። ብዙ የይለፍ ቃል መያዝ ይሰለቸዋል። የሱ እኔ ጋ፣ የኔም እሱ ጋ ይመጣል። ስንቱን አየዋለሁ? ሺህ ፎቶ ነው።»

«የአባትዎንስ?»

«እሱው ነው የከፈተላቸው። ዋይፋይ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ።» ሄለን አንገቷን ደፋች። «ኢንስፔክተር፣ እብድ አይበሉኝና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባባ የሚናገር ይመስለኛል።»

«እብድ አይደሉም። እኔም ሰምቻቸዋለሁ። እስከ ነገ ይህን ስልክ ከእጅዎ አይለዩት፤ ከውስጡም አንድ ነገር አያጥፉ።»

ማክሰኞ ሰልስት ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በተሰበሰበበት እቴነሽ አንዱዓለምን ይዛ ገባች፤ ካቴናው ከእጁ አልወጣም። ሙሾው በአንዴ ቀጥ አለ። አንዲት አክስት ፊቷን አዞረች። አንዱዓለም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ለቅሶ ማቋረጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለች እቴነሽ። «ግን አያ ባዬ የጀመሩትን ችሎት ሳይጨርሱ ነው የሞቱት፤ ዛሬ እንጨርስላቸዋለን። አቶ እስጢፋኖስ፣ አይፎኑን መቼ ነው የመለሱልዎ?»

«ረቡዕ። ነግሬዎታለሁ።»

«የልጃቸውን መርጠው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንዱዓለም ዓርብ ዕለት ‹አይፎኑን ከመረጡ› እያለ ምን አጣላው? ረቡዕ የረታ ሰው ዓርብ ይዝታል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እስጢፋኖስ ፈገግ ሊል ሞከረ። «ምናልባት አልነገሩት ይሆናል።»

«እሺ፣ አልነገሩት እንበል። አያ ባዬ ግን ለማንም ባይናገሩ ለስልካቸው ይናገሩ ነበር። ዳኛ ናቸው፤ ለሁለቱም ወገን እኩል ቀን ሰጡ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የአንድሮይድ፤ ቅጂዎቹ እኔ ጋ አሉ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ የአይፎን። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ‹ነገ የአይፎኑ ተራ ነው› ብለዋል። ረቡዕ በመለሱት ስልክ ቅዳሜ ሊያስችሉ ነው? ስልኩ ዓርብም እዚሁ፣ ከማኅደሩ ውስጥ ነበር። ከሞቱ በኋላ ነው የጠፋው። የወሰደው ደግሞ ‹እኔ ጋ ነው› ብሎ ነግሮኛል።»

«ስልኬን ብወስድ ምን አለበት? የሰጠሁ እኔ» አለ እስጢፋኖስ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ስለ ስልኩ አይደለም የወሰዱት፤ በውስጡ ስለገባው ሥዕል ነው። በአንድ ኢሜይል ስለከፈቱት እርስዎ ያነሡት ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣ ነበር። ወይዘሮ ሄለን ሺህ ፎቶ ስላላቸው አያዩም። የአያ ባዬ ስልክ ግን ሌላ ምንም የለበትም፤ የገባውን ሁሉ እንደ መንፈስ አፍጥጠው ያዩታል። ስልኩን ሲወስዱ ያን ሥዕል ፈልገው አጠፉ። ያላወቁት አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው ድምፅ እንደሚቀዱ። ሥዕል በሄደበት መንገድ ድምፅም ይሄዳል። ወይዘሮ ሄለን፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች ሄለን። አሁን ከፈተችው። ሦስት ቅጂ ተደርድሯል። የመጨረሻው የቅዳሜ ነው።

ነካችው። ድንኳኑን የአያ ባዬ ድምፅ ሞላው፤ አንዲት ሴት በእጇ አፏን ያዘች።

«ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ የመጨረሻ ውሎ። ከአንድ ሰዓት በፊት ልጄ አንዱዓለም መጥቶ፣ ጉልበቴን ስሞ፣ ታርቀን ሄዷል። ፍርዱ እንዲህ ነው። በአይፎኑ ላይ እንከን አላገኘሁም፤ ስለማይበላሽም እርዱኝ ብዬ ሰው የምጠራበት ምክንያት የለኝም። አንድሮይዱን ግን አያያዙን ስለማላውቅ እኔው በየሁለት ቀኑ አበላሸዋለሁ፤ ባበላሸሁት ቁጥርም ልጄ ከፒያሳ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድሮይዱን መርጫለሁ።»

አንዱዓለም ቀና አለ። ድምፁ ቀጠለ።

«ሁለተኛው ጉዳይ ከባድ ነው። በዚህ አይፎን የገባው የብራና ሥዕል፣ ባለፈው ክረምት ከትውልድ ደብሬ የተሰረቀው ዳዊት ነው። አያቴ ነው ያስጻፈው፤ ስሙ በኅዳጉ አለ። ከሄለን የሠርግ ሥዕል ጋር ከአንድ ቤት መምጣቱን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በልጄ ባል ላይ ሳልሰማው አልፈርድም። ጠርቼዋለሁ።»

ከቅጂው ውስጥ ሦስት ጊዜ በር ተንኳኳ።

«የጓሮው በር ነው። ግባ እስጢፋኖስ፣ ክፍት ነው። ችሎቱ ለጊዜው ይነሣ።»

ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል። ሄለን እቴነሽ እስክትነግራት አልጠበቀችም፤ በቅርቡ የተሰረዙ ፎቶዎች የሚቀመጡበትን ራሷ ከፈተች። የብራናው ገጾች እዚያው አሉ፤ ቅዳሜ ዕለት የተሰረዙ። ስልኩን ወደ ባሏ አዞረችው።

«ስልኩን ስጡኝ ነው ያልኳቸው» አለ እስጢፋኖስ ተቀምጦ እንዳለ። «ስጡኝ ብቻ። ደረጃው ላይ ቆመው ‹ለችሎት ይቀርባል› አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ። እንዲያ እንደሚቀልሉ አላወቅሁም።»

ካቴናው ከአንዱዓለም እጅ ወደ እስጢፋኖስ እጅ ተዛወረ። ሁለት ፖሊሶች እስጢፋኖስን ይዘውት ሲወጡ ሄለን አላየችውም፤ ተነሥታ ከወንድሟ እግር ሥር ወደቀች። አንዱዓለም አነሣት። እቴነሽ ስለ መቃብሩ ይቅርታ ልትለው ፈልጋ፣ ጥጉ የተሰነጠቀውን አንድሮይድ ከኪሷ አውጥታ በእጁ አስጨበጠችው።

«እኔ እኮ» አለ አንዱዓለም ስልኩን እያገላበጠ፣ «በመጣሁ ቁጥር ‹አሁንም አበላሹት› እያልኩ እቆጣቸው ነበር።»

ገና አፉን ሳይዘጋ ስልኩ በመዳፉ ውስጥ ተናገረ።

«ባዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ችሎቱ ይሰየም።»

አንዱዓለም አላጠፋውም። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከበሩ አጠገብ የነበሩት የአይከል ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ፤ ከነሱም ቀጥሎ ድንኳኑ በሙሉ ቆመ። እቴነሽ ኮፍያዋን አወለቀች። ድምፁ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ዝም እስኪል ድረስ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንዱዓለም ስልኩን ደረት ኪሱ ከተተና እህቱን በክንዷ ይዞ፣ አፈር ሊያለብስ ወደ መቃብሩ ሄደ።