የሚኒሶታው ናፍጣ

ሹፌሩ አዲሱ ከባድ መኪናው ውስጥ፣ መኝታው ላይ እንደተኮራመተ ሞቶ የተገኘው ቴክሳስ ግሬፕቫይን ከተማ፣ የጋሽ ፋንታዬ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ቴክሳስ በማታውቀው ብርድ ሞተሩ ሌሊት ጠፍቶበታል። ፖሊስ «አደጋ ነው» ብሎ ሄደ። ሚስቱ ሰርካዲስ ግን «የገደልኩት እኔ ነኝ» እያለች እህል መቅመስ እምቢ ካለች ሁለት ቀኗ ነው።

ጋሽ ፋንታዬ ጨነቃቸውና እታለማሁን ጠሩ። እታለማሁ አዲስ አበባ የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን ኤርፖርት ጭነት ክፍል ትሠራለች።

«ተጣልተን በሩን ቆለፍኩበት፣ እትዬ» አለች ሰርካዲስ። «የጉንፋን መድኃኒት ውጧል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎታል። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ተኛ።»

እታለማሁ አላጽናናቻትም። ሄዳ የመኪናውን የናፍጣ ማጣሪያ አስከፈተች። ውስጡ እንደ ሞራ የረጋ ነጭ ነገር ሞልቶታል።

«ናፍጣው ሲረጋ ሞተሩ ይጠፋል፤ ማሞቂያውም አብሮ» አሉ ጋሽ ፋንታዬ።

«የት ነበር የሞላው?»

«ሚኒሶታ። ደረሰኙ ይኸው።»

«የዚያ ብርዳም አገር ናፍጣ እንዳይረጋ ተብሎ የተዘጋጀ አይደል እንዴ፣ ጋሼ?»

ጋሽ ፋንታዬ ደረሰኙን ደግመው አዩት።

አጠገቡ የቆመው መኪና የአዲሱ ጓደኛ የፀጋዬ ነው።

«አንተስ የት ሞላህ?» አለችው እታለማሁ።

«እዚሁ ቤድፎርድ። ሶ፣ ሳምንቱን ከቴክሳስ አልወጣሁም።»

«ያን ለት ጠዋት አላስቸገረችህም?»

«ኖ! በአንዴ ስታርት አደረገች። እንደ ጌታዋ ናት፣ ብርድ አትፈራም።» ብቻውን ሳቀ። «ዴንቨር ልወጣ ስል ነው ሬሳውን ያየሁት።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጋሽ ፋንታዬ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። እታለማሁ ድምጿን ሳታነሳ ጀመረች።

«የሚኒሶታው ናፍጣ ረጋ፤ የቤድፎርዱ ግን መኪና አስነሳ። ተገላቢጦሽ ነው። ናፍጣው ካልተለዋወጠ በቀር አይሆንም። በሁለቱ መኪኖች መሐል በረዶው ላይ የናፍጣ ጠብታ ተሰልፏል፤ ብርዱ ስላልለቀቀ አልጠፋም። ፀጋዬ፣ የዴንቨር ብርድ ከዚህ ይብሳል። እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ደግሞ ከየሱቁ አልቋል። አዲሱ ፓርክ አድርጎ ቤቱ ሲሄድ የሱን ወደ አንተ፣ ያንተን ወደ እሱ ገለበጥክ፤ የናፍጣው ልክ ጎድሎ እንዳይነቃብህ።»

ፀጋዬ ኮፍያውን አውልቆ ጨበጠው።

«ቤቱ የሚተኛ መስሎኝ! ኦኬ፣ ብጠይቀው እኮ እምቢ አይለኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከውም?»

ጋሽ ፋንታዬ ፖሊስ ሊጠሩ ስልኩን አነሱ።

እታለማሁ ወደ ሰርካዲስ ዞረች። «ሰማሽ? አንቺ አይደለሽም።»

ሰርካዲስ በመስኮቱ መኪናውን እያየች ነበር።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። በሩን ግን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

እታለማሁ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።