ብርሃኑ የጠፋው ቀለበት

አንጥረኛው ሽማግሌ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተዋል። አጠገባቸው ለወርቅ ቅብ የሚጠቀሙበት መርዝ የነበረበት ብርጭቆ ተንከባሏል፤ ቀኝ እጃቸው የሚስታቸውን የብር ቀለበት ጨብጧል። ፖሊሶቹ ምን ይጠብቃሉ? የሽማግሌውን ወንድ ልጅ በካቴና አስረውታል።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ «ከአባቱ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ተኳርፈው ነበር። ዛሬ ረፋድ ላይ ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም» አለች። መቼም ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ መርማሪ ነው።

እውነተኛዋ መርማሪ ግን ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» የሚሏት አጭር ሴት ናት። የሟቹ ሴት ልጅ፣ ነርሷ፣ ከሆስፒታል እየሮጠች መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ ወንድሜ አባቱን አይገድልም! እናታችን ገና ከቀዶ ጥገና መውጣቷ ነው። ስትነቃ ባሏን መቃብር፣ ልጇን እስር ቤት ታግኝ? እውነቱን ያውጡልኝ።»

«ልጄ፣ እውነት አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

መርማሪዋ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ፈርጡ የጨረቃ ድንጋይ ነው። የጨረቃ ድንጋይ ዘንበል ሲያደርጉት ከውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ይንሳፈፋል፤ የደንበኛ ልብ የሚጠፋው ለዚያ ነው። ይኼኛው ግን እንደ ተቀቀለ ዓሣ ዓይን ፈዟል፤ ውስጡ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። ብሩ ላይ አንድ ጭረት የለም፤ እንዲያውም ጥርት ብሎ ጸድቷል።

«አባትህ ስለዚህ ድንጋይ ምን ይሉ ነበር?»

«ለሠርጋቸው ለእናታችን የሠራላት ነው» አለ ልጁ። «የድሮ ሰዎች የጨረቃ ብርሃን ረግቶ ነው ይሉ ነበር፤ ፍቅረኞችን ይጠብቃል፣ መንገደኛን ይመልሳል። አባዬ ደግሞ ‹ብርሃኑ ከጠፋ ቀለበቱን ያጠለቀችው ሴት ነፍስ ወጥታለች› ይል ነበር። እኔማ ለደንበኛ የሚያወራው ተረት ይመስለኝ ነበር።»

ሁሉንም አስከሬኑ በተነሣበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«በመዶሻ ቢመታ ብሩም ይጫር ነበር። ይህ የፈላ ውሃ ሥራ ነው፤ የጨረቃ ድንጋይ ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። ይህን ታውቃለህ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ስለዚህ የቀቀለው ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው። ሰው ለቀዶ ጥገና ሲገባ ደግሞ ቀለበቱ ይወልቃል። ማን አወለቀው?»

የነርሷ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ። ጀርም ይዞ ቤት እንዳይገባ ብዬ ከሕክምና ዕቃ መቀቀያው ከተትኩት፤ ልማድ ነው። በወረቀት ጠቅልዬ ‹እማዬ ደህና ወጥታለች በለው› ብዬ ለወንድሜ ሰጠሁት።»

«አልካቸው?»

ልጁ የታሰሩ እጆቹን አየ። «ተኳርፈን ነበር... ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እህቴ ትደውልለታለች ብዬ።»

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወይ ወርቅ!

«ወረቀቱን ሲፈቱ ብርሃኑ የጠፋ ቀለበት አገኙ» አለች መርማሪዋ። «ያመጣው ልጃቸው ቃል ሳይተነፍስ ወጥቷል። ሌላ መርዶ አላስፈለጋቸውም፤ መርዙን ራሳቸው ቀድተው ጠጡ። ገዳይ የለም። ፍቱት።»

ካቴናው ተፈታ። ልጁ ግን እጆቹን የሚያደርግበት ጠፋው።

«እኔ ነኛ የገደልኩት!» አለች ነርሷ። «ለምን ደውሎ አልጠየቀኝም? እትዬ፣ ለምን?»

ዕድሜዋን በለምን የኖረችው ሴት ቀለበቱን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የነርሷ ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው።

«እናትሽ ነቅተዋል፤ ደህና ናቸው» አለቻት ባልደረባዋ። «‹ቀለበቴ ለባሌ ደረሰው ወይ?› እያሉ ነው።»