ሞልቷል የተባለው ማሰሪያ

ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ገና ሳይሰቀል ነው የክፍሏ ልጅ ሁንዴ፣ ሐይቁ ዳር ጀልባ ስለምታስር፣ «የውሃ ወያላ» ያላት። ዱሬቲ ቀኑንም፣ የቆመበትን ቦታም፣ ከኋላው ሆነው የሳቁትንም አልረሳችም። ጓደኛዋ ፎዚያ እንኳን ሳቋን በደብተር ሸፍናለች። ባትሸፍነው ይሻል ነበር። ፊት ለፊት የሚስቅብህን ሰው ቢያንስ ጥርሱን ታውቀዋለህ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ባቱ ላይ የጀልባ ውድድር ስላለ ሐይቁ ዳር ሰው በሰው ሆኗል። ከደሴቶቹም ሆነ ከመቂ በኩል የመጣ ጀልባ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ጋ ነው። የእንግዳ ጀልባዎች ማሰሪያው የሕዝብ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ያስራል። ውሃው ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተራርቀው ይንሳፈፋሉ። የእያንዳንዱ ጀሪካን ገመድ ታች ድረስ ወርዶ ሲሚንቶ የተሞላ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ታስሯል። ጀልባው ከጀሪካኑ ጋር ይታሰርና ነፋሱ ወዳዞረው ይዞራል። ረጅሙ ከረጅም፣ አጭሩ ከአጭር ጎን ካልሆነ ሲዞሩ ይላተማሉ።

የማሰሪያው ኃላፊ የአባቷ ወንድም ጋሽ ጉደታ ናቸው። ጠዋት ፊሽካቸውን ሰጧትና፣ «ዛሬን በደንብ ካስተናገድሽ፣ ክረምቱን ሙሉ ሥራው ያንቺ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም።

«ባለ ሰማያዊው፣ ሞተር አጥፋ። ወደ ግራ። ግራ አልኩህ እኮ፣ ግራህ ጠፋህ?»

ዓሣ አጥማጁ ሳቀ። «እሺ አለቃ።»

አለቃ። ቃሉን በልቧ ደገመችው።

ሁንዴ የመጣው በአባቱ ነጭ የሞተር ጀልባ ነው፤ ሙዚቃውን ለቆታል፤ ከአዳማ የመጡ የአጎቱን ልጆችም ጭኗል።

«ዱሬ፣ የት ልሰር?» አላት፤ ሰኞ የሚባል ቀን ያልነበረ ይመስል።

መሃል ላይ፣ ሁለት የሞተር ጀልባዎች መካከል፣ አንድ ባዶ ጀሪካን ነበር። ለሱ ጀልባ ልክ ነው። ዱሬቲ አየችው።

«ሞልቷል» አለች።

«ያውና ባዶ አለ አይደል?»

«ተይዟል። መጨረሻው ጋ ሂድ፣ ደንገሉ ጋ።»

መጨረሻው ለትንንሾቹ የደንገል ጀልባዎች የተተወ ነው፤ ከኋላው ድንጋይ አለ። ሁንዴ ትከሻውን ነቀነቀ። «እሺ። ቦታው ሙድ የለውም እንጂ።» አሰረና ወረዱ። የአዳማዎቹ ልጆች ነጭ ስኒከራቸውን በእጃቸው ይዘው በጭቃ እየተንቦጫረቁ ወጡ። ዱሬቲ ይህን አይታ ደስ አላት። ደስታው ጣፋጭ ነበር፤ አይካድም።

ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ። ጀልባዎቹ ሁሉ እንደ ተነጋገሩ አንድ ላይ ዞረው አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አቀኑ። የሁንዴም ዞረ። ግን ረጅም ነው፤ ኋላው ድንጋዩ አጠገብ ደርሶ በማዕበሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለቤቶቹ ውድድሩን ሊያዩ ሄደዋል።

ዱሬቲ ልታግዛት የመጣችውን ፎዚያን ጎትታ ወደ መቅዘፊያ ጀልባዋ ሮጠች። «ፎዚያ፣ ግቢ።»

«የሱን ልታድኚ ነው? ተይው፣ ይበለው።»

«ግቢ አልኩሽ።»

ማዕበሉ ፊታቸውን እየመታ ቀዘፉ። ፎዚያ መቅዘፊያውን ድንጋዩ ላይ ተክላ፣ እየጮኸችም እየሳቀችም ጀልባውን ገፍታ ያዘችው። ቋጠሮው ርሶ ጠብቋል። ዱሬቲ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። እየጎተቱ፣ እየተሳደቡ፣ መሃል ወዳለው ባዶ ጀሪካን አደረሱትና አሰሩት። ውሃ ከፀጉራቸው እየተንጠባጠበ ተያዩና ሳቁ። እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ዳር ላይ ሁንዴ ከነዘመዶቹ ይጠብቃል። ጋሽ ጉደታም ደርሰዋል።

«ማን ንኪ አለሽ?» አላት ሁንዴ። ወደ ጋሽ ጉደታ ዞረ። «ሞልቷል ብላኝ ነበር እኮ። ይኸው፣ ባዶ ነበር።»

ጋሽ ጉደታ ጀልባውን አዩት፤ ደንገሉንም፣ ከዚያም እሷን። «ዱሬ፣ ሞልቷል ብለሽዋል?»

«ጋሼ፣ እሷ ባትኖር እኮ ጀልባው...» ብላ ፎዚያ ስትጀምር፣ ዱሬቲ ክንዷን ያዘቻት።

«ብዬዋለሁ» አለች። «አልሞላም ነበር።»

የጋሽ ጉደታ ዓይን አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ፊሽካ ላይ አረፈ። ዱሬቲ ክረምቱ ሲያመልጣት ታያት።

ሁንዴ ሰው እንዲሰማው አድርጎ፣ «አላልኳችሁም? ቦታ ትሸጣለች» አለ። የአዳማዎቹ ሳቁ።

ይሄኛው ውሸት ነው። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ «ጀልባህን ከድንጋዩ ያዳንነው እኛ ነን» ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ከወዲያ ግን የቱሉ ጉዶ ደሴት ትልቁ ጀልባ ሰው ጢም ብሎበት፣ ጡሩንባውን እየነፋ፣ በቀጥታ ወደ ትንንሾቹ መደዳ እየመጣ ነው። የሚቀበለው የለም።

ዱሬቲ ሁንዴን አንዴ አየችው። ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣለችና፣ ሳትመልስለት ወደ ውሃው ሄደች። ጋሽ ጉደታም ፊሽካውን መልሺ አላሏትም።